ነበልባል የጋለ ብረት አይደለም፦ የእሳትን ኢንፍራሬድ ጨረር ስናሰላ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቂሊንጦ ውስጥ በሚነድ የቡታ ጋዝ ምድጃ ላይ ተራ ቴርማል ካሜራ (ሙቀትን በኢንፍራሬድ የሚያሳይ) ብትደቅኑ ድስቱ ደምቆ ይታያል፤ ሰማያዊው እሳት ግን እምብዛም አይታይም። አብዛኛው የሞዴል ስህተት የሚመነጨው የዚህን ምክንያት ካለማወቅ ነው።

ነበልባሉን እንደ ጥቁር አካል (ያረፈበትን ጨረር ሁሉ የሚውጥ፣ ሲግልም በሁሉም የሞገድ ርዝመት የሚያበራ ሐሳባዊ አካል) መቁጠር። አንድ ሙቀትና አንድ ኤሚሲቪቲ (ከጥቁር አካል ጋር ሲነጻጸር ያለ የማብራት አቅም) መርጦ የጥቁር አካልን ጨረር ከሙቀቱ የሚያሰላውን የፕላንክን ቀመር መጠቀም ቀላል ነው፤ ለብረትም ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። በ2000 ኬልቪን የጥቁር አካል ጨረር የሚበረታው 1.45 ማይክሮሜትር ላይ ነው። ጥላሸት የሌለው ነበልባል ግን የሚያበራው በሞለኪውሎቹ በኩል ስለሆነ ጨረሩ በ2.7 (የውኃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ) እና በ4.3 ማይክሮሜትር (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) አካባቢ ይከማቻል። ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር የሚያየው ካሜራ እሳቱን አልፎ ድስቱን የሚያየው ለዚህ ነው። ውፍረትም ወሳኝ ነው፦ ጋዙ ስስ ከሆነ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩም እጥፍ ይሆናል፤ ወፍራም ከሆነ ግን ራሱ ያመነጨውን ራሱ ይውጠዋል።

የባሕር ዛፍ እንጨት እሳት ሌላ ጉዳይ ነው። ቢጫውን ብርሃን የሚሰጡት የጋሉ የጥላሸት ቅንጣቶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በሁሉም የሞገድ ርዝመት ያበራሉ። ጋዙን ብቻ ያሰላ ሞዴል እዚህ ይከሽፋል።

የባሕር ወለል ግፊትን መውሰድ። ብዙ ሶፍትዌር ሳይጠይቅ 1 አትሞስፌር ይሞላል። የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ግፊቱ የዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የነበልባሉ ሙቀት ብዙም አይለወጥም፤ በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ ያለው የሞለኪውል ብዛት ግን ይቀንሳል፤ የስፔክትረም መስመሮቹም (ሞለኪውሎቹ የሚያበሩባቸው ጠባብ የሞገድ ርዝመቶች) ይቀጥናሉ።

ለቀዝቃዛ አየር የተዘጋጀ መረጃ መጠቀም። ሃይትራን (HITRAN) የተባለው የሞለኪውሎች የስፔክትረም መስመር ዝርዝር የተሰናዳው በዋናነት ለከባቢ አየር ነው፤ የማጣቀሻ ሙቀቱም 296 ኬልቪን ነው። በጋለ ጋዝ ውስጥ የሚነቁ ብዙ መስመሮች ስለሚጎድሉት ለነበልባል ለጋለ ጋዝ የተዘጋጀው ሃይቴምፕ (HITEMP) ይሻላል።

በመካከል ያለውን አየር መርሳት። ከእሳቱ እስከ መለኪያው ያለው ቀዝቃዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የ4.3 ማይክሮሜትሩን ጨረር መሐል ይበላዋል። የሚተርፈው ዳርና ዳሩ ነው፤ በተለይም ወደ 4.4 ያለው።

አማካይ ሙቀት አስገብቶ መገላገል። ይህ የሚያናድድ ስህተት ነው፤ ውጤቱ ትክክል ይመስላላ! ነበልባል ይወዛወዛል። ግማሹን ጊዜ 1000፣ ግማሹን 2000 ኬልቪን የሆነ ነጥብ አማካዩ 1500 ነው፤ ነገር ግን ጨረሩ በሙቀቱ አራተኛ ርቢ ቢያድግ እውነተኛው አማካይ ጨረር በ1500 ከሚሰላው 1.68 እጥፍ ይሆናል።