የታርታን ቀለማትን በክር ቆጠራ ማመጣጠን

የስኮትላንድ ታርታን (ባለ ቀለም መስመሮች በቁምና በአግድም የሚሻገሩበት ጨርቅ) ሲነደፍ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በቀለም ምርጫ ሳይሆን በቆጠራ ነው። በተለመደው ታርታን በድሩ የተደረደረው የክር ቅደም ተከተል በማጉም እንዳለ ይደገማል። ስለዚህ አንድ ቀለም ንጹሕ ሆኖ የሚታየው ድሩ ከራሱ ማግ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው፤ ከሌላ ጋር ሲሻገር ግማሽ በግማሽ ተቀላቅሎ አዲስ ቀለም ይወጣል። 3 ቀለም 6 ዓይነት፣ 4 ቀለም 10፣ 6 ቀለም ደግሞ 21 ይሰጣል። ለመጀመሪያ ንድፍ 4 በቂ ነው። ብላክ ዎች የተባለው ዝነኛ ታርታን እንኳ ሰማያዊ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ብቻ ነው።

ይህን ንድፍ እንውሰድ፦ ሰማያዊ 40፣ ጥቁር 6፣ አረንጓዴ 28፣ ጥቁር 6፣ ቢጫ 4። ቅደም ተከተሉ ጫፍ ሲደርስ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ሁለቱ የጫፍ ቀለማት በሙሉ ዙር አንድ ጊዜ፣ የመሃሎቹ ግን ሁለት ጊዜ ይገባሉ። ሲደመር አረንጓዴ 56፣ ሰማያዊ 40፣ ጥቁር 24፣ ቢጫ 4፣ በጠቅላላው 124 ክር ነው። መደቡ ሰማያዊ እንዲሆን የታሰበው ጨርቅ አረንጓዴ ሆኖ አረፈ ማለት ነው። ሰማያዊውን 60፣ አረንጓዴውን 18 አድርጉት፤ ድምሩ 124 እንደሆነ ይቀራል፣ ድርሻቸው ግን ሰማያዊ 48 በመቶ፣ አረንጓዴ 29፣ ጥቁር 19፣ ቢጫ 3 ገደማ ይሆናል።

አሁን ጨርቁ ላይ የሚታየውን አስሉ። የንጹሑን ቀለም ስፋት ለማግኘት ድርሻውን በራሱ አባዙ፦ 0.48 × 0.48 = 0.23። ለቅልቅሉ ሁለቱን ድርሻዎች አባዝታችሁ እጥፍ አድርጉ፦ 2 × 0.48 × 0.29 = 0.28። የሰማያዊና የአረንጓዴ ቅልቅል ከንጹሑ ሰማያዊ ይበልጣል! ስለዚህ ሁለቱን ዋና ቀለማት ከመወሰናችሁ በፊት ቅልቅላቸውን ማየት ግድ ነው። ቀይና አረንጓዴ በሰፊው ሲሻገሩ ከርቀት ቡናማ ይመስላሉ፤ ይህን ካልወደዳችሁ አንዱን አጥብቡ። በመካከላቸው ጥቁር መስመር ማስገባት ጠርዛቸውን ያጠራል እንጂ መሻገራቸውን አያስቀርም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ንድፉን በስልክ ወደ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለውጡት። ሁለቱ ዋና ቀለማት አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ከጥቂት ሜትር ርቀት ይዋሃዳሉ፤ አንዱን አፍዝዙት ወይም አጥቁሩት። የስክሪን ቀለም አያስተማምንም። ከሸማኔው የክር ናሙና ምረጡ፤ ሁሉንም ከአንድ የድምቀት ደረጃ ውሰዱ፤ በፈዛዛ ክሮች መካከል የገባ አንድ ደማቅ ቢጫ ለብቻው ይጮኻል።

ከዚያ መጠኑ ይመጣል። በሴንቲሜትር 20 ክር በሚይዝ ጨርቅ 124 ክር 6.2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ለኪልት (ለስኮትላንድ የወንዶች ሽንሽን ቀሚስ) ያንሳል። ወደ 15 ሴንቲሜትር ለማድረስ በ2.4 አባዝታችሁ ወደ ሙሉ ጥንድ ቁጥር አጠጋጉ፦ ሰማያዊ 144፣ ጥቁር 14፣ አረንጓዴ 44፣ ጥቁር 14። ጥንድ የሚሆነው ሽመናው ሁለት በላይ ሁለት በታች ስለሚሄድ ነው። ቢጫውን ግን አታባዙት፤ 10 ክር ግማሽ ሴንቲሜትር ይሆንና ቀጭንነቱ ይጠፋል። 4 ላይ ተዉት፤ ዙሩ 292 ክር፣ 14.6 ሴንቲሜትር ይሆናል።

ንድፉን እ.ኤ.አ. በ2009 በተከፈተው የስኮትላንድ የታርታን መዝገብ ማስመዝገብ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ መዝገቡን ፈልጉ፤ ካሉት በግልጽ መለየት አለበት።

ለሸማኔው ቁጥሩን ስትልኩ የጫፎቹ ቁጥር ሙሉ መሆኑን ጻፉለት። አንዳንዱ የጫፍን ቁጥር እንደ ግማሽ ስለሚያነበው 144 ያላችሁት ሰማያዊ 288 ክር ሆኖ ይሸመናል።