ጎብኚዋ መጣች፣ ቡና ጠጣች፣ ሄደች

ጎብኚ ቤት ድረስ ሄዳ ከልጁ ጋር የምትጫወትበት፣ ጨዋታውንም ለእናትየዋ የምታሳይበት የቤት ለቤት የሕፃናት ፕሮግራም ሲገመገም ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አሉ።

ዋናው ጉብኝት ቆጥሮ «ውጤት» ማለት ነው። አንዴ ጅማ፣ ጅረን አካባቢ፣ አንዲት ጎብኚ ተከትዬ ገባሁ። እናትየዋ «ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም» አለች። ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ እስከ በረካ ተጠጣ። ልጁ ረከቦቱን እንዳይነካ ታዘለ። ሰዓቱ አለቀ። ቅጹ ላይ «ተጎብኝቷል» ተባለ። ውሸት የለውም፤ ግን ከልጁ ጋር ማንም አልተጫወተም። ቅጹ ስንት ደቂቃ ከልጁ ጋር እንደታለፈ፣ እናትየውም ጨዋታውን በሌላ ቀን ደግማው እንደሆነ ይጠይቅ። (ቡናው ግን አይቅር።)

ሌላው ማነጻጸሪያ አለመያዝ ነው። ሲዳህ የነበረ ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ቢራመድ «ፕሮግራሙ ሠራ» ይባላል። ልጅ እኮ ያድጋል! ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ በ1986 እና 1987 እ.ኤ.አ. 129 የቀነጨሩ ሕፃናት በዕጣ ተመደቡ። ገሚሱ ለ2 ዓመት በየሳምንቱ አንድ አንድ ሰዓት ተጎበኘ። ከ20 ዓመት በኋላ የተጎበኙት ገቢ ካልተጎበኙት በ25 በመቶ በለጠ። ይህን ያስባለው ያልተጎበኘው ገሚስ ነው። «የጎረቤቴ ልጅ ለምን ይቀራል?» የሚል ይመጣል፤ ትክክል ነው። ሁሉን በአንዴ መድረስ ካልተቻለ ግን ማን ቀድሞ ይጀምር የሚለውን በዕጣ መለየት ይቻላል።

መለኪያውን እንዳለ ከውጭ ማምጣትም አለ። እንጀራ በእጁ ቆርሶ የሚበላን ልጅ በሹካ አጠቃቀም መፈተን ምን ይባላል? ዴንቨር 2 የተባለው የዕድገት መመዘኛ ለዚሁ ለጅማ ተስተካክሎ «ዴንቨር 2 ጅማ» ተብሏል። እሱ እያለ ሌላ ፍለጋ መሄድ አይገባኝም። ቤቱ የሚያወራው ኦሮምኛ ከሆነ ፈተናውም በኦሮምኛ ይሁን።

ጎብኚዋ የምትጎበኛቸውን ልጆች ዕድገት ራሷ አትለካ። ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የመጨረሻው በሩ የተዘጋውን ቤት ከስሌት ማውጣት ነው። በቡና ለቀማ ወቅት እናቶች ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። እኔም አንዱን ቤት ሁለቴ «አልተገኙም» ብዬ አልፌዋለሁ። እሁድ ስመለስ እናትየዋ ደጅ ላይ ልብስ ታጥባለች። ልጁ አጠገቧ ባዶ የዘይት ጀሪካን እየደበደበ ነበር፤ እሷም ከሳሙናው ቀና እያለች ትቆጥርለታለች።