ጭራቁን ለተጫዋቾቻችሁ ልክ ስታደርጉ

ደብረ ብርሃን ቅዳሜ ማታ ብርዱ አይቻልም። እኛ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ቆሎ መሀል አድርገን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ገጸ ባሕሪ ፈጥሮ፣ ዳይስ እየጣለ መሪው ከሚያመጣበት ጭራቅ ጋር የሚዋጋበት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ አራት ናቸው፣ ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ሰሞን የሠራሁት ስህተት እስካሁን ይቆጨኛል። ሁሉም ገና አንደኛ ደረጃ ላይ፣ ማለትም ጀማሪ እያሉ፣ ኦገር የሚባለውን ግዙፍ ጭራቅ አመጣሁባቸው። በፈረንጆች 2014 በወጣው አምስተኛ እትም ኦገር 59 የሕይወት ነጥብ አለው፤ በዱላው ሲመታ ሁለት ባለ 8 ገጽ ዳይስ ይጣልና 4 ይደመርበታል። 6 እና 7 ወጣ፣ በድምሩ 17። የአንዷ ተጫዋች ገጸ ባሕሪ የሆነችው ጠንቋይ ሙሉ ነጥቧ ግን 7 ብቻ ነበር። ዜሮ ከገባች በኋላ የተረፈው ጉዳት 10 ነው፣ ይሄ ደግሞ ከሙሉ ነጥቧ ስለሚበልጥ በሕጉ መሠረት ነፍሷ ወዲያው ትወጣለች። ጓደኛችን ያቺን ጠንቋይ ለመፍጠር ሁለት ማታ ፈጅታባታለች። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ቆሎውን የነካ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይሄን እዩ፦ የጭራቁ አንድ ምት በጣም ደካማውን ተጫዋች በአንዴ ይገድለዋል ወይ? ከገደለው ጉዳቱን ቀንሱ። የኦገሩን ሁለት ዳይስ አንድ ባደርገው ኖሮ ጠንቋይዋ ብትወድቅም ወዲያው አትሞትም ነበር።

ቀጥሎ ጭራቁ ስንት ዙር እንደሚቆይ አስሉ። ሂሳቡ ቀላል ነው። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያሉ አራት ተጫዋቾች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ ሲመታ በአማካይ 8 ይጎዳል፣ ከ20 ውርወራ 13ቱ ይሳካለታል። በአንድ ዙር አንዱ 5፣ አራቱ ወደ 20 ይጎዳሉ ማለት ነው። አሁን ግዙፉን ጅብ እንውሰድ። ነጥቡ 45 ነው፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ያልቅለታል። እሱ በዙር አንዴ ይነክሳል፣ ሲነክስ በአማካይ 10 ይጎዳል፣ የመከላከያ ቁጥሩ (እሱን ለመምታት በዳይስ ሊደረስበት የሚገባው ቁጥር) 15 የሆነ ሰው ላይ ደግሞ ከሁለት አንዴ ያህል ይስታል። አራት ሰው ላይ ሲከፋፈል ጭረት ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚያደርገው ነጥቡን 90 ማድረግ ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ጭረቱ ያው ጭረት ነው፣ ውጊያው ብቻ ይረዝማል፣ ተጫዋቹ ተራው እስኪደርስ ስልኩን ያወጣል። ችግሩ ያለው ተራው ላይ ነው፦ እነሱ በዙር አራት ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፣ እሱ አንዴ። ስለዚህ ተራ ጨምሩለት። ወይ ሁለቴ ይንከስ፣ ወይ ጓደኛ አምጡለት። እኔ ጓደኛውን እመርጣለሁ፤ ጅብ ማታ ሲጮህ ሌላው ከማዶ እንደሚመልስለት እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ተራው ጅብ 5 ነጥብ ብቻ ነው ያለው፣ ግን ጓደኛው የሚነክሰው ሰው አጠገብ ካለ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ የሚበልጠውን ይወስዳል። ሦስቱን ስጨምር ተጫዋቾቹ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ።

ከሦስቱ ጅቦች ሁለቱን ደግሞ ጨለማው ውስጥ አስቀሩ። ተጫዋቾቹ ከጠበቃችሁት በላይ ከበረቱ በሁለተኛው ዙር ጩኸታቸው ይሰማና ይመጣሉ፣ ከተዳከሙ ግን ከነጭራሹ አይመጡም። ማንም ሳያውቅ ውጊያውን የማስተካክለው በብዛት በዚህ ነው።

የጭራቁን የመከላከያ ቁጥር ባትነኩት ደስ ይለኛል። 4 ብትጨምሩበት ከ20 ውርወራ 13 ይሳካለት የነበረው ሰው 9 ብቻ ይሳካለታል፣ ተራውን ጠብቆ ጠብቆ መሳት ደግሞ ያናድዳል።

የጭራቁን ነጥብ መለወጥ ካስፈለገ የጨዋታው መጽሐፍ ራሱ ቦታ ሰጥቷችኋል። የኦገሩ 59 አማካይ ነው፤ የተጻፈለትን ዳይስ ብትጥሉ ከ28 እስከ 91 ሊወጣ ይችላል። በዚህ መሀል የፈለጋችሁትን ብትመርጡ ከሕጉ አልወጣችሁም። ግን ውጊያው ሳይጀመር ምረጡ። ተጫዋቹ ጥሩ ዳይስ ጥሎ ሊገድለው ሲል ነጥብ መጨመር ዕድሉን መስረቅ ነው፣ እኔ አላደርገውም።

ቦታውም ኃይል ነው። አንኮበር በኩል ገደሉን አይታችሁ ከሆነ ጉም ሲወጣ ከአምስት እርምጃ በላይ አይታይም። እዚያ ላይ ያው ጭራቅ፣ አንድም ቁጥር ሳይቀየር፣ ቀስተኛውን ከሩቅ እንዳይወረውር ያደርገዋል። አንዴ የዝንጀሮውን ቁጥሮች ወስጄ ግዙፍ ጭላዳ ብዬ አቀረብኩት። ጭላዳ ማታ ማታ ገደል ላይ ነው የሚያድረው፣ እኔም ከገደሉ አፋፍ እየወጣ መትቶ ተመልሶ እንዲወርድ አደረግኩ። ደካማ እንስሳ ነበር፣ ሦስት ዙር አስጨነቃቸው።

ከበድ ያለ ጭራቅ ስታመጡ ቀድማችሁ ወሬውን አስወሩ። ትሮል የሚባለው ግዙፍ ጭራቅ በየተራው 10 ነጥብ ቁስሉ ይድናል፣ የሚያቆመው እሳት ወይም አሲድ ነው። ይህን ያላወቀ ቡድን ያልቃል። እኔ አንድ እረኛ ሽማግሌ አስቀመጥኩ፦ «ልጆቼ፣ ችቦ ሳትይዙ እንዳትወርዱ፣ ያ ነገር እሳት ይፈራል» አሏቸው። ጠንቋይዋ የሞተችባት ልጅ በአዲሷ ገጸ ባሕሪ ሦስት ችቦ ገዛች። ትሮሉ ሲወድቅ የመጨረሻውን የለኮሰችው እሷ ናት።