ስለ ሱስ ሕክምና ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ፣ አረቄ ከብርዱ ጋር ተላምዶ የኖረ መጠጥ ስለሆነ፣ በመጠጥ የተጎዳን ዘመድ እንዴት እናድነው የሚለው ጥያቄ በብዙ ቤት ይነሣል። ጥያቄው በተነሣ ቁጥር አንዱ ጸበል፣ ሌላው ሆስፒታል፣ ሌላው ደግሞ «ወንድ ከሆነ ቆርጦ ይተው» ይላል። የሐሳብ ልዩነት በራሱ አያስፈራኝም። በእኛ ቤት ግን ከክርክሩ አካሄድ የተነሣ አጎቴን ልናጣቸው ጥቂት ቀርቶን ስለነበር፣ ያኔ የሠራናቸውንና በሌሎች ቤቶችም የማያቸውን ስህተቶች መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ከሁሉ የከፋው፣ ሰውየው መጠጡን ሲያቆም በአካሉ ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል ሳይጠይቁ ወደ ክርክር መግባት ነው። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር እየታየው ሊቃዥ፣ ካልታከመም ሊሞት ይችላል። ይህ ሁሉ በጤና ተቋም ዲያዜፓም በተባለ ማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ሊታከም የሚችል ችግር ነው።

አጎቴ ጠዋት ቡና ሲቀርብላቸው ሲኒውን በሁለት እጃቸው ይዘውት እንኳ ግማሹ ጋቢያቸው ላይ ይፈስ ነበር። ሁላችንም ያንን እያየን፣ አክስቴ ስለ ጸበል፣ የጤና መኮንን የሆነው ታላቅ ወንድሜ ስለ ሆስፒታል ሲሟገቱ ሰነበቱ። አጎቴ ጭቅጭቁ ስላሳፈራቸው ለማንም ሳይነግሩ በራሳቸው አቆሙ፤ በሁለተኛው ሌሊት መሬት ላይ ወድቀው ሲንፈራገጡ አገኘናቸው። አክስቴ እያለቀሱ ጸበል ይረጫሉ፣ ወንድሜ «በጎናቸው አስተኟቸው» እያለ ይጮኻል። ጸበል የሚለውም ሆስፒታል የሚለውም ወገን «በቀን ምን ያህል ይጠጣሉ? ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ምን ሆነው ነበር?» ብሎ አስቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሐኪም ክትትል ሥር ማሳለፍ እንደሚገባ ያለ ብዙ ጠብ እንስማማ ነበር።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ስህተት ሱስን ሁሉ አንድ አድርጎ መናገር ነው። ጫት ያቆመ ሰው ድብርት፣ ድካምና ክፉ ሕልም ሊያስቸግሩት ቢችሉም፣ እንደ አረቄው ያለ የመንፈራገጥ አደጋ በተለምዶ አይደርስበትም። ስለዚህ ጫት በአንድ ቀን የተወ ጎረቤት ለጠጪው «እኔ እንዳደረግኩት አድርግ» ብሎ ቢመክር፣ ቅንነቱ ባያጠራጥርም ምክሩ ሰው ሊገድል ይችላል።

ጸበልና ሕክምናን እንደ ባላንጣ ማቆም በአገራችን በብዛት የማየው ስህተት ነው። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄድ ሰው ከመጠጥ ቤቱና ከጠጪ ጓደኞቹ ይርቃል፣ ይጸልያል፣ የሚያጽናኑት ሰዎች ያገኛል፤ ይህን «ኋላ ቀርነት» ብሎ የሚያጣጥል ባለሙያ እውቀቱ ትክክል ቢሆንም ቤተሰቡን ያጣል። ወንድሜ ያችን አንዲት ቃል ከተናገረ በኋላ አክስቴ ለሳምንት አላናገሩትም፤ በዚያ ሳምንት ውስጥ ስለ መድኃኒት የነገራቸውን ሁሉ አልሰሙትም። በሌላ በኩል «ክኒን የያዘ ሰው እምነት የለውም» የሚሉትም ይሳሳታሉ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ ጉዳይ ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ይታወሳል። ጠጪውን በተመለከተ ግን አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ፦ ሰውነቱ ገና እየተንቀጠቀጠ ያለ ሰው ምግብና ውኃ ተከልክሎ እንዲቆይ ማድረግ አደጋውን ያብሳል፤ ይህንም ለንስሐ አባቱ በትሕትና ማስረዳት ይቻላል።

ሌላው ስህተት እኛ የዳንንበትን መንገድ ለሁሉ ሕግ ማድረግ ነው። ባለሙያዎች ራሳቸው በዚህ ጉዳይ በአንድ ድምፅ አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለ የመጠጥ ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር ፈጽሞ አለመጠጣትን ያስተምራል፤ ሌሎች ደግሞ በመጠኑ ለሚጠጣ ሰው መቀነስንም እንደ ግብ ይቀበላሉ። ለሄሮይን ሱስ የሚሰጠውን ሜታዶን አንዳንዶች «ሱስን በሱስ መተካት» ሲሉት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል። በስእለት የተወ ሰው ታሪኩን ይናገር፤ ማንም ሊነጥቀው አይገባም። «እኔን የረዳኝ ይህ ነው» ማለትና «ከዚህ ሌላ መዳኛ የለም» ማለት ግን የተለያዩ ናቸው።

ታማሚውን ሳያማክሩ በግዝት ማሰርም ብዙ ጉዳት አለው። ግዝቱን ያፈረሰ ሰው እፍረት ይይዘውና መጠጡን መደበቅ ይጀምራል፤ የሚደብቅ ሰው ደግሞ ሲታመም እርዳታ አይጠይቅም።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ግን «አላልኩም ነበር?» የሚለው ቃል ነው። ሰውየው ለወራት ቆይቶ ዳግም ሲጠጣ፣ ከተከራካሪዎቹ አንዱ በልቡ የተረታለት ይመስለዋል። ወደ ሱስ መመለስ በደም ግፊትና በአስም እንደሚያጋጥመው ማገርሸት የታወቀ ነገር ነው፤ ግፊቱ ዳግም የጨመረበትን ሰው «መድኃኒቱ ከንቱ ነው» ብለን ወደ ቤቱ አንሰድደውም፣ የሕክምናውን መንገድ እናስተካክልለታለን እንጂ።

አጎቴ ከሆስፒታል ሲወጡ ምን እንደሚፈልጉ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅናቸው ያኔ ነበር። ክኒናቸውን ጨርሰው ከአክስቴ ጋር ሸንኮራ መሄድ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። በቤት የሚወስዱት ክኒን ለቀናት ቀርቶ ስለነበር፣ ወንድሜ የመድኃኒቱን ፖስታ ተቀብሎ፣ አክስቴ ፊደል ስለማይለዩ፣ ለጠዋቱ አንድ መስመር፣ ለማታው ሁለት መስመር በእስክርቢቶ አሰመረላቸው። አክስቴም ፖስታውን ከጸበሉ ጠርሙስ ጋር በአንድ መሀረብ ቋጠሩት።