ቅቤው ለገንፎው፣ እትብቱን ተዉት

ሁለተኛ ልጄን በወለድኩ ማግስት አማቴ አንድ ፔርሙስ አጥሚትና አንድ ትንሽ ብልቃጥ ለጋ ቅቤ ይዘው ክፍሌ ገቡ። አጥሚቱ ለኔ። ቅቤው ለልጁ እምብርት። «ለስልሶ ቶሎ እንዲወድቅ ነው የኔ ልጅ» አሉኝ። ክፋት የላቸውም፣ እሳቸውም ልጆቻቸውን ያሳደጉት እንዲሁ ነው። ግን እትብት እንዲለሰልስ አይደለም የሚፈለገው። እንዲደርቅ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ከማዋለጃው ልጀምር። ልጁ እንደወጣ አዋላጇ እትብቱን ወዲያው ካልቆረጠች አትደንግጡ። ልጁ ደህና እየተነፈሰ ከሆነ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ የምትጠብቀው ሆን ብላ ነው፤ በዚያች ጊዜ እንግዴ ልጁ ውስጥ የቀረው ደም ወደ ሕፃኑ ይገባል፣ በኋላ ለደም ማነስ እንዳይጋለጥም ይረዳዋል። ከዚያ በፕላስቲክ መቆንጠጫ ወይም በንጹህ ክር ከሆዱ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ይታሰርና ይቆረጣል። የተረፈችው ጉቶ ናት የእናንተ የቤት ሥራ።

ጉቶዋ ለምን ይሄን ያህል ታስፈራለች? እትብት ውስጥ ሦስት የደም ሥሮች አሉ፣ ከተቆረጡ በኋላም ለተወሰኑ ቀናት ሙሉ በሙሉ አይዘጉም። ላዩ ላይ የተቀባ ቆሻሻ ታዲያ እዚያው አይቀርም፣ በዚያው ወደ ደም ሊዘልቅ ይችላል። መንጋጋ ቆልፍ ድሮ ስንቱን አራስ ቤት ያስለቀሰው በዚህ በር እየገባ ነው፦ ባገለገለ ምላጭ ተቆርጦ፣ አመድ ወይም እበት ተቀብቶበት። ኢትዮጵያ በእናቶችና በጨቅላዎች ላይ የሚደርሰውን መንጋጋ ቆልፍ ዋና የጤና ችግር ከመሆን አውጥታዋለች ተብሎ የተረጋገጠው ገና በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ጀርሙ ግን አፈር ውስጥ አሁንም አለ። በእርግዝና ጊዜ የሚሰጠውን ክትባት አትዝለሉ። ድንገት ቤት ውስጥ ምጥ ቀድሞ ከመጣም ምላጩ ከወረቀቱ አሁን የወጣ አዲስ ይሁን።

አሁን ወደ ቅባቱ። እኛ አገር ብዙ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ክሎርሄክሲዲን የሚባል ቅባት ይሰጣል። እትብቱ እንደተቆረጠ አንዴ ይቀባል፣ ከዚያ በቀን አንዴ እስከ 7 ቀን። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ጫፏን፣ ጉቶዋን፣ ከዚያ ሥሯ ዙሪያ ያለውን ቆዳ ቀቡና ሳትሸፍኑ ጥቂት ደቂቃ እንዲደርቅ ተዉት። አለቀ። እህቴ ከሜሪላንድ ደውላ «እዚህ ምንም አትቀቡ ነው የሚሉን፣ ምንድነው እሱ?» ብላ አስደነገጠችኝ። ሁለታችንም ልክ ነበርን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ንጹህና ደረቅ አድርጎ መተው ይበቃል የሚል ነው፤ ክሎርሄክሲዲን የሚመከረው እትብት ላይ ጎጂ ነገር መቀባት በተለመደበት አካባቢ ነው። ማለትም የአማቴ ብልቃጥ ባለበት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጁ ዓይኑ ስላዣ፣ ከሆስፒታል ስንወጣ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባትም ታዘዘልን። ሁለቱን ቱቦ በአንድ ፌስታል አድርገው ሰጡን፣ የትኛው ለምን እንደሆነ ያስረዳን ሰው የለም። መብራት በጠፋበት ሌሊት ባለቤቴ በስልኩ ብርሃን አንዱን ከፍቶ ወደ ልጁ ዓይን ሲያስጠጋ ጽሑፉን ያየሁት ለጥቂት ነው። ክሎርሄክሲዲን! ይሄ መድኃኒት ዓይን ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች በዚሁ ስህተት የተጎዱ ሕፃናት አሉ። ጠዋት ተነስቼ በወፍራም ማርከር «እትብት» ብዬ ጻፍኩበትና ሌላ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እናንተ ቤት እንደገባችሁ አድርጉት። ከገባበት ደግሞ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውኃ አጥባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

የቀረው ቀላል ነው። ዳይፐሩን ከጉቶዋ በታች እጠፉት፣ ሽንት እንዳይነካት። ከነካት በንጹህ ውኃ አጥባችሁ በንጹህ ጨርቅ አድርቁ። የመጀመሪያው ገላ ማጠብ ከ24 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ እስክትወድቅ ድረስም ገንዳ ውስጥ አትንከሩት፣ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። ሆዱን በመቀነት አትሰሩ። ፋሻም አያስፈልግም። ጉቶዋ በመጀመሪያ ነጣ ያለች ናት፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ጠቁራ እንደ ቋንጣ ትኮማተራለች። በአንድ ቃጫ ብቻ ተንጠልጥላ ስታዩ እጃችሁን ይበላችኋል። አትሳቧት! ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ራሷ ትወድቃለች። ሦስት ሳምንት ካለፋት አሳዩ። ስትወድቅ ዳይፐሩ ላይ ጠብታ ደም ማየት ያለ ነው።

የማያስጠብቀውን ልንገራችሁ፦ ዙሪያው ያለው ቆዳ ከቀላ ወይም ካበጠ፣ መግል ካለው፣ ከሸተተ፣ ደሙ አልቆም ካለ። ልጁ ጡት እምቢ ካለ፣ ካተኮሰ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ደግሞ በሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። «እስኪ ይንጋ» አይባልም። ከወደቀች በኋላ እምብርቱ ውስጥ እርጥብ ሮዝ ሥጋ ከቀረ ሐኪም በቀላሉ ያክመዋል። ሲያለቅስ እምብርቱ ወጣ የሚል ከሆነም ሳንቲም እሰሩበት የሚላችሁን አትስሙ፣ አብዛኛው ልጁ ሲያድግ በራሱ ይገባል።

ቅቤውስ? አማቴን «አይሆንም» ብዬ አላሳፈርኳቸውም። ነርሷ ራሷ ፊታቸው ቀብታ እንድታሳያቸው ለመንኳት፣ ከዚያ ቀን መቁጠሩን ለእሳቸው ሰጠሁ። «እማማ፣ ሰባቱ ቀን እንዳያልፈኝ እርስዎ ይያዙልኝ።» ከዚያ ወዲያ ሊጠይቀን የመጣ ሰው እጁን ሳይታጠብ ልጁ ጋ አይደርስም፣ ጠባቂዋ እሳቸው ናቸዋ። ቅቤው ገንፎዬ መሀል ገባ።

ጉቶዋ በዘጠነኛው ቀን ወደቀች። አማቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሊቀብሯት ጓሮ ፈለጉ። እኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነን። በረንዳ ላይ ያለችውን የጤና አዳም ጣሳ ትንሽ ቆም ብለው አዩና «በሉ እንግዲህ፣ አገሩ እዚህች ጣሳ ውስጥ ነው» ብለው ቀበሯት።