ኒውትሮን ኮከቦች የተጋጩበትን ሰማይ ከደብረ ማርቆስ ለማየት

ግንቦት አጋማሽ ላይ ጨረቃ የሌለችበትን ጥርት ያለ ምሽት ይምረጡ። ጋቢ አይርሱ። እኔ ተማሪዎቼን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አውድማ እወስዳቸዋለሁ፤ በግንቦት ባዶ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊትዎን ወደ ደቡብ ያዙሩ።

ከፍ ብላ ነጭ ሆና የምታበራው ስፓይካ ናት። ክንድዎን ዘርግተው ይጨብጡ፤ ከእሷ አንድ ጭብጥና አንድ ጣት ያህል ሲወርዱ ጋማ ሃይድሬ የምትባል ፈዘዝ ያለች ኮከብ አለች። ከዚያ የትንሿን ጣት ስፋት ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ ይሂዱ። ደረሱ።

ምንም የለም፣ አይደል? በመጀመሪያው ዓመት «ጋላክሲ አሳያችኋለሁ» ብዬ አውጥቻቸው አንዱ «መምህር፣ ለዚህ ነው ከእራት ያስነሱን?» አለኝ። ዛሬ ቦታውን ብቻ እንደምናይ ቀድሜ እናገራለሁ።

እዚያ ጨለማ ውስጥ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ኤንጂሲ 4993 የተባለ ጋላክሲ አለ። ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. እዚያ የተጋጩ የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች (እጅግ የታመቁ የሞቱ ኮከቦች ቅሪቶች) የስበት ሞገድ፣ ማለትም ጠፈርን ራሱን የሚለጥጥና የሚጨምቅ ሞገድ፣ አሜሪካ ባሉት የላይጎ መሣሪያዎች ተመዘገበ፤ 1.7 ሰከንድ ያህል ቆይቶ የጋማ ጨረር (ዓይን የማያየው እጅግ ኃይለኛ ብርሃን) ብልጭታ መጣ። ከዚያ 11 ሰዓታት ያህል ቆይቶ ቺሊ ያለው ስዎፕ ቴሌስኮፕ አዲሷን የብርሃን ነጥብ አገኛት።

አሁን ተማሪ የሚያነሳውን ጥያቄ እርስዎ ያንሱት። ኒውትሮን ኮከብ የሚወለደው ዕድሜው አጭር ከሆነ ግዙፍ ኮከብ ሞት ነው፤ የዚህ ጋላክሲ ኮከቦች ግን አብዛኞቹ አሮጌ ናቸው። ታዲያ ከየት መጡ? እኔ በዱላ መሬት ላይ ክብ እስላለሁ። የሚያበራዩ በሬዎች ክባቸውን ጠብቀው ይዞራሉ፤ እነዚህ ጥንዶች ግን በስበት ሞገድ ጉልበት እያጡ ክባቸው ይጠባል፣ እስኪጋጩ ቢሊዮን ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ላይ የወላጃቸው ፍንዳታ ገፍቶ ከተወለዱበት ሊያርቃቸው ይችላል። «መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ የተገኘ ሁሉ የመተማ ተወላጅ ነው?» እላለሁ፤ የተማሪዎቼ ወንድሞች በየዓመቱ ለአጨዳው ስለሚወርዱ ልጆቹ ይስቃሉ።

ግን «ግጭቱ ሁሉ በአሮጌ ጋላክሲ ነው» ብለው እንዳይሄዱ ይጠንቀቁ። ከእንዲህ ያለ ግጭት ይመጣሉ የሚባሉት አጫጭር የጋማ ጨረር ብልጭታዎች አብዛኞቹ የተገኙት ገና ኮከብ በሚወልዱ ጋላክሲዎች ነው፤ አንዳንዶቹም ከጋላክሲው መሃል ርቀው።

የእጅ ባትሪዎን ቀይ ፌስታል ያልብሱት። ነጭ ብርሃን የበራበት ዓይን እንደገና ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ይጠይቃል፤ ያኔ ደግሞ ልጆቹ እንቅልፍ ጀምሯቸዋል።