ካሊዮፒ ሃሚንግበርድ ወደ ግቢዎ እንድትመጣ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

ካሊዮፒ ሃሚንግበርድ በአሜሪካና በካናዳ ጎጆ ሠርተው ከሚፈለፍሉ ወፎች ሁሉ ትንሿ ናት። ርዝመቷ 8 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቷ ከ2 እስከ 3 ግራም ነው፤ ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ብዙም አትከብድም። ይህችው ወፍ የብርዱን ወራት ሜክሲኮ ታሳልፍና በጸደይ የፓሲፊክን ጠረፍ ተከትላ ወደ ሰሜን ትወጣለች፤ በበጋው ማብቂያ ደግሞ በሮኪ ተራሮች በኩል ትመለሳለች። ያን ሁሉ መንገድ ለምትበር ወፍ የምናቀርበው ነገር ንጹሕና ትክክለኛ መሆን አለበት።

አገር ቤት አበባ ላይ የምናያቸው አንጸባራቂ ትንንሽ ወፎች የሌላ ቤተሰብ ናቸው። ሃሚንግበርድ ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ ውጭ አትገኝም። የእኛዎቹ ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፍ ይዘው ሲቀስሙ፣ እሷ አየር ላይ ቆማ ትቀስማለች።

በመጀመሪያ ጊዜውንና ቦታውን ይወቁ። ከካስኬድ ተራሮች በስተምሥራቅ፣ በአይዳሆ ወይም በሞንታና የሚኖሩ ከሆነ የስኳር ውሃ የሚሞላበትን መመገቢያ በኤፕሪል መጨረሻ ይስቀሉ። ኮሎራዶ ላይ ግን በብዛት የምታልፈው በጁላይና በኦገስት ነው። ሲያትል ከተማ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የምትታየው አናስ ሃሚንግበርድ የምትባል ሌላ ዓይነት ናት። ወንዱን ካሊዮፒ በጉሮሮው ይለዩታል፦ በነጭ ላይ የተዘረጉ የወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ጨረር መሰል መስመሮች አሉት።

ቀጥሎ የስኳር ውሃውን ያዘጋጁ። አንድ ኩባያ ተራ ነጭ ስኳር በአራት ኩባያ ውሃ ይበጥብጡ፤ ስኳሩ እንዲሟሟ ውሃውን ቢያፈሉት ጥሩ ነው፤ ከዚያ በደንብ ያቀዝቅዙት። ይህ መጠን ወፎቹ ከሚቀስሟቸው አበቦች ጣፋጭነት ጋር ይቀራረባል። ማር አይጠቀሙ፤ በውሃ የተበጠበጠ ማር ቶሎ ይፈላል፣ ሻጋታም ያወጣል። ቡናማ ስኳርና ስኳር አልባ ማጣፈጫም ይቅሩ። ቀይ የምግብ ቀለም መጨመር ፈጽሞ አያስፈልግም፤ የመመገቢያው ቀይ ክዳን ዓይኗን ለመሳብ ይበቃል። የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ማቆየት ይችላሉ።

በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ንጽሕናው ነው። በሞቃት ቀናት ውሃውን በየሁለት ቀኑ፣ ቀዝቀዝ ሲል በየአራት ቀኑ ደፍተው ይቀይሩ። መመገቢያውን በሙቅ ውሃና በጡጦ ብሩሽ ይጠቡት። ወፏ ምንቃሯን የምትሰካባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ዙሪያ ጥቁር ነጥብ ካዩ ሻጋታ ነው፤ በአቼቶ ዘፍዝፈው፣ ፈትገውና በደንብ አለቅልቀው ካልጠፋ አይስቀሉት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ ከሌለዎት አበባ ብቻ ቢተክሉ ይሻላል።

የሚሰቀልበት ቦታም ማሰብ ይፈልጋል። ሩፈስ የምትባለው ጠበኛ ሃሚንግበርድ አንድ መመገቢያ ከያዘች ሌላ አታስጠጋም። ካሊዮፒ ይህን ለማምለጥ አብዛኛውን ጊዜ መሬት አጠገብ ያሉ አበቦችን ትፈልጋለች። ስለዚህ ሁለተኛ መመገቢያ ከቤቱ በሌላ በኩል፣ ከመጀመሪያው በማይታይበት ቦታ፣ ዝቅ አድርገው ከቁጥቋጦ አጠገብ ይስቀሉ። ከመስታወት ጋር እንዳትጋጭ ደግሞ ወይ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ባልበለጠ ርቀት፣ ወይ በጣም አርቀው ያድርጉት።

ተራራማ አካባቢ ከሆኑ ድብ የስኳር ውሃ ሽታ ተከትሎ ስለሚመጣ መመገቢያውን ማታ ማታ ወደ ቤት ያስገቡ። ግን ጎህ ሳይቀድ መልሰው ያውጡት። ካሊዮፒ በቀዝቃዛ ሌሊት ጉልበት ለመቆጠብ የሰውነቷን ሙቀት ዝቅ አድርጋ፣ የልብ ምቷን አዘግይታ ደንዝዛ ታድራለች። ስትነቃ ወዲያው መመገብ አለባት።

ስኳር ጉልበት እንጂ ሙሉ ምግብ አይደለም፤ ትንንሽ ነፍሳትንም እየበረረች ትይዛለች። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ፀረ ተባይ አይርጩ። የሸረሪት ድርም ሁሉንም አይጥረጉ፤ ሴቷ ጎጆዋን የምታያይዘው በእሱ ነው። ፔንስተሞን፣ ኮለምባይን ወይም ቀይ ጊሊያ ቢተክሉ ደግሞ የተራራው መስክ ላይ የለመደቻቸው አበቦች ናቸው።

ጎጆዋን ማግኘት ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥድ ላይ፣ ከበላይዋ ቅርንጫፍ በሚከልላት ቦታ፣ የጥድ ፍሬ አስመስላ ትሠራዋለች። ሁለት እንቁላል ጥላ ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻዋን ትታቀፋለች፤ ወንዱ አያግዛትም። ካገኙት ርቀው በመነጽር ይመልከቱ፤ ቅርንጫፉን አይቁረጡ። ወፏ ያለችበትን ጎጆ ማፍረስ ወይም መውሰድ ከ1918 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ የተሰዳጅ ወፎች ሕግም የተከለከለ ነው።

ሴፕቴምበር ሲገባ መመገቢያውን ለማውረድ አይቸኩሉ። ወፏን ከጉዞ ያስቀራታል የሚባለው እውነት አይደለም፤ እንድትሄድ የሚነግራት የቀኑ ማጠር ነው። የመጨረሻዋን ካዩ በኋላ ሁለት ሳምንት ይተዉትና አጥበው፣ አድርቀው ያስቀምጡት።